የጣልከው ካርታ ያወራል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብሎካችን ሥር ተሰብስበን ኮንከር እንጫወታለን፤ ካርታ እየሳቡና እየጣሉ ተከታታይ ቁጥር የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። በሁለት ሙሉ ካርታ፣ ለሰው 13። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል እንጂ ብር የለበትም። ሰው ስሸውድ የሚሰማኝ ደስታ ግን ልክ የለውም። የምፈልገውን ካርታ ጎረቤቴ በገዛ እጁ ሲጥልልኝ፣ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ እንኳ ትዝ እያለኝ እስቃለሁ። ባለቤቴ "ይሄ ክፋት ነው" ትለኛለች። ደግሞ ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ጋሼ አሉ። እሳቸውን መሸወድ አልቻልኩም። እጄን ያነቡታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ባለቤትህን እናስታርቅ። ካርታ ሊጫወት የተቀመጠ ሰው ሊሸወድም ሊሸውድም ተስማምቶ ነው የተቀመጠው። የብሎኩ ኮሚቴ መዋጮ ላይ ብትሸውደው ግን እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። እንዲያውም ክፋት የማያውቅ ማሽን ይሸውዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ከአራት የፖከር ባለሙያዎች ጋር 20 ቀን ተጫውቶ አሸንፏል። ባዶ እጁን እንደ ሞላ አስመስሎ ብር ይጨምር ነበር። ሂሳቡ ያዋጣል ስላለው ብቻ።

ልዩነቱ፣ ማሽኑ ማታ አይስቅም። አንተ ትስቃለህ። እኔም ኮተቤ ከዋርሳዎቼ ጋር ስጫወት ያው ነኝ። ጆከር፣ በማንኛውም ካርታ ቦታ የሚገባው፣ ተስቦልኝ ጨዋታውን ብዘጋ ደስታው ቡናው ሳይፈላ ያልቃል፤ ዕድል ነዋ! ሰንጠረዥና ገበጣ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው። ካርታ ግን ጀርባውን ሰጥቶህ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የምትጫወተው በሰውየው ግምት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እጅህ ላይ የቀይ ልብ 7፣ 9 እና 10 አለ። 8ቱን ትፈልጋለህ። ብዙ ሰው 7ቱን አቅፎ ይጠብቃል። አንተ ጣለው! 8ቱን የያዘው ሰው "8 የሚፈልግ እንዴት 7 ይጥላል?" ብሎ ልቡ ይረጋል፤ ቀጥሎ ያወርድልሃል። አንተም ብዙ አልከሰርክ፤ 9 እና 10 በ8ም በጃክም ይሞላሉ። በሁለት ካርታ ሁለት 8 እና ሁለት ጃክ፣ በጠቅላላ አራት መንገድ አለህ ማለት ነው፣ ጆከሩን ሳንቆጥር። 6 እና 8 ይዞ መሀል ላይ 7 የሚጠብቅ ሰው ግን ያለው ሁለት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ መሬት ላይ ከወደቀ ደግሞ ምን እንደቀረው አስበው። ለዚህ ነው የወደቀውን መቁጠር የሚያስፈልገው። ታዲያ ይህን ወጥመድ በየዙሩ አትጠቀምበት፣ ይነቃብሃል።

አሁን ወደ ጋሼ። ሰውየው ጠንቋይ አይደሉም። ገምቼ ልንገርህ፣ ካርታህን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረህ ነው የምትይዘው አይደል? የሳብከውን መሀል ላይ ስትሰካው፣ የጣልከውን ከጫፍ ስትመዝዘው ዝም ብለው ያያሉ። ሲያጣብቅህ ጣትህ አንዱ ካርታ ላይ ይቆማል፤ የምትሳሳለት እሱን ነው። ሲመቸህ ደግሞ ቀጥ ብለህ ትቀመጣለህ፤ ወሬህም ይቆማል። ዕድሜ ልኩን መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ይሄን ያጣዋል?

ስለዚህ ለጥቂት ቅዳሜ ካርታህን አደባልቀህ ያዝ። መጀመሪያ ያደናብርሃል፣ ሻይም ትከፍላለህ። የሳብከውን ሁሌ አንድ ቦታ አስገባ፣ ተፈለገም አልተፈለገም። ለመጣል የምትወስደውንም ጊዜ እኩል አድርገው፤ ቀላሉንም ካርታ እንደ ከባዱ አስብበት። የጀመርከውን ወሬ ደግሞ እጅህ ሲሞላ አታቋርጥ። ጋሼ ቀና ብለው "ዛሬ ምን ነካህ?" ያሉህ ቀን 7ቱን ጣልላቸው።