ሐረጎ ላይ የሚደክም መኪና፦ ስለ ነዳጅ መስመር ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና የሚጠግን ሰው በየሳምንቱ የሚሰማት አንዲት አቤቱታ አለች። «ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ሐረጎን ሲጀምር ይደክማል።» ሐረጎ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው፤ አያስገርምም። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ያንን ሁሉ ልዩነት በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ ነው የምንወጣው። ሞተር ብዙ ነዳጅ የሚጠይቀው እዚያ ነው። መስመሩ ላይ የተደበቀ ችግር ካለ የሚጋለጠውም እዚያው ነው።

ስለ ቱርቦ መኪኖች (ለሞተሩ አየር አጭቆ የሚያስገባ ዕቃ ስላላቸው) የነዳጅ ችግር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴም፣ ከባቲም፣ ከሐይቅም መጣ። ዱባይ ስላለ መኪና የጠየቀም አለ። እሱ ላይ ረዘም አድርጌያለሁ፤ ሞተሩ እኛ ዘንድ የማይታይ ዓይነት ነው፣ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ–ኮምቦልቻ የሚሠራ ዲፎርዲ ሃይሩፍ (ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ናፍጣ ሞተር ያለው የቶዮታ ሚኒባስ) ነው የምነዳው። ሰው ሞልቼ ሐረጎ ላይ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣም አለኝ። ጭስ የለውም። ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። አንድ ጋራዥ «ፖምፓው (ናፍጣውን የሚገፋው) ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ፣ ወንድሜ። መጀመሪያ «ምን ለክታችሁ ነው?» ብለህ ጠይቃቸው። መልስ ከሌላቸው ብርህን ኪስህ አድርግ።

ጭስ የለውም ያልከው ጥሩ ፍንጭ ነው። ናፍጣ ሞተር አየር ሲያጥረው ብዙ ጊዜ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የገባው ናፍጣ ሁሉ አይቃጠልማ። ያኔ የአየር ፊልትሮውን፣ የቱርቦውን ቱቦዎችና ማሰሪያቸውን እናያለን። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ግን ወይ ናፍጣው አልደረሰም፣ ወይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀንሶታል።

ሁለቱን የሚለየው መለካት ነው። የመመርመሪያ ማሽን ይሰካና መኪናው ጭኖ ዳገት እየወጣ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይነበብ። አንዱ ኮምፒውተሩ ያዘዘው የነዳጅ ግፊት፣ ሌላው በተጨባጭ ያለው ግፊት። ዲፎርዲ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ከ300 እስከ 400 ባር አካባቢ ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን ጋራዥ ውስጥ አይቶ «ግፊቱ ደህና ነው» ይላል። ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ግን ከ1,000 ባር በላይ መውጣት አለበት። ቆሞ የሚሠራ መኪና ላይ ይህን አታየውም። ሐረጎ ላይ ነው የምታየው።

ያለው ግፊት ከታዘዘው እየራቀ ከወረደ፣ ፍለጋውን ከርካሹ ጀምር። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ያለው መሳቢያ፣ ከዚያ ቱቦው፣ ከዚያ ፊልትሮው፣ ከዚያ ፖምፓው ላይ ያለችው የነዳጅ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ከዚያ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹ። ፖምፓው መጨረሻ ነው።

ወጣት ሳለሁ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አይወጣም። አንድ ባለ ፒካፕ ፖምፓ ተቀይሮለት መጣ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀውም። ሰልባትዮውን አወረድነው። መሳቢያው አፍ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል የፌስታል ቁራጭ ነበረች። ቆሞ ሲሠራ ፌስታሏ ትንሳፈፋለች። ዳገት ላይ ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ ሄዳ ትለጠፋለች። ሲቆም ተመልሳ ትለቅቃለች። ሰውየው ለዚያች ፌስታል የሙሉ ፖምፓ ዋጋ ከፍሏል።

ጥያቄ፦ ፊልትሮ በቀየርኩ በሦስተኛ ሳምንቱ ያው ችግር ይመለሳል። ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን እገዛለሁ።

መልስ፦ ጀሪካኑ ነው የመጀመሪያ ተጠርጣሪ። ሞተሩን አጥፋ። ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ፈታ አድርገህ የሚወርደውን በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበል። ከድነህ ሩብ ሰዓት አስቀምጠውና ብርሃን ላይ ያዘው። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ሥር ይተኛል። መሃል ላይ እንደ ክር ቀጭን መስመር ታያለህ። ከመስመሩ በታች ጠርሙሱን ስታዘነብል ጠብ ጠብ እያለ የሚንከባለለው ውሃ ነው። ቡናማ ደቃቅ ነገር ካየህ ዝገት ነው፤ ሰልባትዮው ወርዶ ይታጠብ። አለበለዚያ ፊልትሮ ስትቀይር ትኖራለህ። ዘመናዊ ኢንጀክተር ውስጥ ያለው ክፍተት ከፀጉር በብዙ እጥፍ የጠበበ ነው። ውሃ ከገባው አይምርም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ሰላም ነው። የትም ጠብ የሚል ናፍጣ የለም።

መልስ፦ ጠብ ባይል አትዘናጋ። ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር የሚስብ መስመር ነው። ስንጥቅ ካለበት ናፍጣ አያወጣም፣ አየር ያስገባል። ማታ አየሩ ይገባል፣ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል፣ ጠዋት ፖምፓው ባዶ ይስባል። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ አንድ ክንድ የምታህል ናፍጣ የምትችል ግልጽ ቱቦ ለጊዜው አስገባ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ እየተግተለተለ ካለፈ አገኘኸው። ከዚያ ወደ ኋላ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ፈትሽ። አብዛኛውን ጊዜ የደረቀች ጎማ ናት።

ጥያቄ፦ የሰልባትዮ ክዳን ስከፍት «ፉሽሽ» ይላል። ችግር ነው?

መልስ፦ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ፣ አዎ። ለናፍጣው መተኪያ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ተደፍኗል። ትንሽ ነድተህ ሲደክም ቆም በልና ክዳኑን ከፍተህ ዝጋው። ጉልበቱ ከተመለሰ ሌላ አትፈልግ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዱባይ ነው። የድሮ ማዝዳ አርኤክስ 7 ገዛ፣ የመጨረሻውን ቅርጽ፣ ባለ ሁለት ቱርቦውን። ቀስ ብሎ ሲነዳው እንደ ውሃ ነው የሚፈስሰው። ቱርቦው ገብቶ ሲጎትት ግን ይንተፋተፋል፣ ይቆረጣል። ካንዴላ ቀይሯል። ጋሼ እዚያ የጃፓን መኪና ላይ ሠርተሃልና እባክህ አስረዳኝ።

መልስ፦ ይህን ሳትጨርስ ደውልለትና «ምክንያቱ እስኪታወቅ ቱርቦውን አታስገባ» በለው። የምሬን ነው።

ያ ሞተር ፒስተን የለውም። ሁለት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይሽከረከራል። እያንዳንዱ 654 ሲሲ ነው፣ ሁለቱ ተደምረው 1.3 ሊትር። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ እንደ ቢላ ስለት የቀጠኑ የብረት ማኅተሞች አሉ፣ አፔክስ ሲል ይባላሉ። ግፊቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ቱርቦው አየር አጭቆ ቤንዚኑ ካነሰ፣ ድብልቁ ያለጊዜው ይፈነዳል። የፒስተን ሞተር እንዲህ ያለውን ድብደባ ትንሽ ሊታገሥ ይችላል። ይህ ግን አንድ ማኅተም ከተሰበረበት ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት።

አሁን ወደ ፍለጋው። እንዲህ ባለ ቱርቦ ያለው ቤንዚን ሞተር ላይ ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን የሚረጨው ቱርቦው በሚያመጣው ግፊት ላይ ነው። ስለዚህ የአየሩ ግፊት በ0.7 ባር ከጨመረ፣ የቤንዚኑም በ0.7 ባር መጨመር አለበት። ይህን የሚያደርገው በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ አየር መግቢያ ጋር የተገናኘው የግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ወንድምህ የቤንዚን ግፊት መለኪያ ያስገጥም። መርፌው እየነዱ እንዲታይ ይደረግና አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያንብብ። ከትንሽ የቱርቦ ግፊት ይጀምር። መርፌው አብሮ ካልወጣ ወይም ከወረደ ወዲያው እግሩን ያንሳ። የድብልቁን መጠን የሚያነብ መለኪያ ካገኘ ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ሙሉ ቱርቦ ላይ ለእንዲህ ያለ ሞተር 11 አካባቢ (በክብደት ለአንድ ቤንዚን 11 አየር) ይፈለጋል። ወደ 13 ከሄደ አደጋ ነው።

ግፊቱ ከወረደ ቅደም ተከተሉ ከሃይሩፉ ብዙም አይለይም፤ ርካሹ ይቅደም። ፊልትሮው መቼ ነው የተቀየረው? ብዙ ጊዜ ማንም አያስታውስም። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይስጥ። በዚያ መኪና ላይ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ፖምፓ ቀስ ብሎ ሲነዳ ዝቅ ባለ ቮልት ነው የሚሠራው። ጉልበት ሲጠየቅ ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ወደ ሙሉ ቮልት ያሻግረዋል። ሪሌው ካረጀ ሰላማዊ ሲነዳ ምንም አይታይም፣ ቱርቦው ሲገባ ይራባል። ልክ ወንድምህ እንደሚለው። ስለዚህ ቮልቱ ፖምፓው ሶኬት ላይ ይለካ፣ ያውም በሥራ ላይ እያለ። ባትሪው 13.5 እያለው ፖምፓው ጋ 10 ብቻ ከደረሰ ፖምፓው ምን በደለ?

ከዚያ ኢንጀክተሮቹ። አራት ናቸው። ሁለቱ ሁልጊዜ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ጉልበት ሲጠየቅ ብቻ ይገባሉ። መንተፋተፉ እነዚያ ሁለቱ በሚገቡበት ዙር ላይ ከጀመረ፣ ወጥተው ፍሰታቸው ይለካ። ለዓመታት ቀስ ብሎ በተነዳ መኪና እነሱ ናቸው የሚደፈኑት።

ለመሳሳት የሚያጋልጥ አንድ ነገር ልጨምር። ቱርቦው ከተፈቀደው በላይ ከጨመቀ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጅ ይቆርጣል። የሚጠብቀው ሞተሩን ነው። ያ እንደ መብራት ማጥፊያ ድርግም ያደርገዋል፤ ረሃብ ግን እየተንተፋተፈ ነው የሚመጣው። የደከመ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ካለም ቱርቦ ላይ ይንተፋተፋል፤ ግፊቱ ልክ ሆኖ ከተገኘ ወደዚያ ይሂድ።

የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ ሞተሩን ጭራሽ አያስነሳ። በዚያ መኪና ላይ የነዳጁን መርገብገብ የሚያለዝብ ዕቃ አለ። ሲያረጅ ሞተሩ ላይ ያንጠባጥባል። በዚያ የተቃጠሉ መኪኖች አሉ።

ጥያቄ፦ ያ ዱባይ ያለው ወንድሜ ኮምፕሬሽኑንስ (የሞተሩን የመጭመቅ ኃይል) አብሮ ያስለካው?

መልስ፦ አዎ፣ ግን በሮተሪ መለኪያ። አንድ ሮተር ሦስት ፊት አለው። ተራው መለኪያ ከሦስቱ የተሻለውን ብቻ ይዞ ይቀራል። አንዱ ፊት ሞቶ እንኳ «ደህና ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ፈታ እያደረገ የትኛው እንደደከመ ያዳምጣል። ልክ ነው?

መልስ፦ ለአሮጌው ፖምፓ ይሠራ ነበር። ለዲፎርዲና መሰሎቹ በጭራሽ! በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ይመስላል፣ እጅ ግን ሊያስቆርጥ ይችላል። እንዲህ የተመታ ሰው ቢታመምም ባይታመምም በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። ማፍሰሱን ስትፈልጉ ካርቶን እንጂ ጣት አታስጠጉ።

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋበር ነኝ፣ ቪጎ (የቶዮታ ፒካፕ) አለኝ። ጋራዥ ስሄድ ሴት ስለሆንኩ መሰለኝ ሳያዩት «አራቱም ኢንጀክተር ይቀየር» ይሉኛል። ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ «የመመለሻውን ልኬት አሳዩኝ» በያቸው። ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመለሰው ናፍጣ ለየብቻ በአራት እኩል ጠርሙሶች ይቀዳል። ሞተሩ በሚኒሞ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። አጠገባቸው ቁሚ። ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ እጥፍ ከሞላ፣ ጥፋተኛው በዓይንሽ ታየ፤ የሚመረመረው እሱ ነው። አራቱም ጥቂትና እኩል ከሆኑ በዚህ በኩል ኢንጀክተሮቹን አትጠርጥሪ፣ ወደ ሰልባትዮው ተመለሺ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም በእጅሽ ተቀበይ። ኮምቦልቻ የምትወርጂ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ሞልተሽ አትምጪ፤ ሰልባትዮው መውረድ ካለበት ቀሎ ይጠብቀናል።