መልስ፦ በሜይ መጀመሪያ ኪዮቶ ምን ልብላ?

ወንድሜ፣ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ስለምትገባ የወቅቱን ምግብና ወግ ጠይቀሃል። ጊዜው ገጥሞልሃል! በጃፓኖች የድሮ አቆጣጠር ጸደይ የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 4 ገደማ ነው። ከዚያ 88ኛው ቀን፣ ሜይ 2 አካባቢ፣ «ሃቺጁሃቺያ» ይባላል። ውርጭ አለፈ፣ ሻይ ይለቀም የሚባልበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ቅጠል የጠጣ ጤናና ዕድሜ ያገኛል ይላሉ። ሻይ ቤት ስትገባ «ሺንቻ» አላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ሻይ ነው። ራስህ ካፈላኸው ግን ውሃው 70 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የሚንተከተክ ውሃ መራራ ያደርገዋል።

ሜይ 5 የልጆች ቀን ነው። «ካሺዋ ሞቺ» የሚበላው ያኔ ነው፤ ጣፋጭ የቀይ ቦሎቄ ልውስ በሩዝ ሊጥ ተሸፍኖ፣ ከላይ በኦክ ቅጠል ይጠቀለላል። ቅጠሉን አትብላው። የዚህ ዛፍ አሮጌ ቅጠል አዲሱ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ አይረግፍም፤ የቤተሰቡ ዘር አይቋረጥ የሚለው ምኞት ከዚህ የመጣ ነው። ኪዮቶዎች ግን በቅጠል ተጠቅልሎ በክር የሚታሰረውን «ቺማኪ» የሚባል ጣፋጭ ነው የሚያዘወትሩት። እኔ ብሆን ሁለቱንም እቀምሳለሁ።

ለጋ የቀርከሃ ቡቃያም እንዳያመልጥህ። ከሩዝ ጋር የተቀቀለውን እዘዝ።