ወንዝ ዳር ያለ ትንሽ ከተማ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «ከፓሪስ ራቅ ያለ፣ ወንዝ ዳር፣ ታሪክ ያለው ትንሽ ከተማ ጠቁሙኝ፤ ያለኝ ሁለት ቀን ነው» ብለሻል። እኔ ፊዣክ እልሻለሁ። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎት የሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ሴሌ ወንዝ ዳር ናት። ከቱሉዝ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

እኔን የያዘኝ አንድ ድንጋይ ነው። የጥንት ግብፆችን ጽሑፍ የፈታው ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1790 የተወለደው እዚህ ነው፤ የመጽሐፍ ሻጭ ልጅ ነው። ከተወለደበት ቤት አጠገብ በአሮጌ ግንቦች የተከበበች ትንሽ አደባባይ አለች። ወለሏ የሮዜታ ድንጋይ፣ ማለትም አንድ መልእክት በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የተቀረጸበትና ለሻምፖሊዮን መፍቻ የሆነው የጥንት ግብፅ ድንጋይ፣ ግዙፍ ቅጂ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮሱት በ1991 ከጥቁር ግራኒት የሠራው ነው። ላይ ሂሮግሊፍ (የጥንት ግብፆች የሥዕል ጽሕፈት)፣ መሐል ዴሞቲክ (የዕለት ተዕለት ጽሕፈታቸው)፣ ታች ግሪክ። ሰው በላዩ ይሄዳል! እኔ መርገጡ ከብዶኝ ጫማዬን ላውልቅ ሁሉ ብዬ ነበር። አንድ ሕፃን ግን ቁጢጥ ብሎ የተቀረጸችውን ወፍ በጣቱ ይከተላታል።

ደግሞ ይሄን ስሚ፦ ሻምፖሊዮን ፓሪስ ተማሪ ሳለ ከዕብራይስጥና ከሱርስት ጋር ግዕዝም አጥንቷል። ትልቁን ቁልፍ የሰጠው ግን ቅብጥኛ ነው፤ ከጥንቱ የግብፆች ቋንቋ የወረደ፣ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምትቀድስበት ቋንቋ። ገበያ ላይ የጠፋ ቋንቋ ቅዳሴ ላይ ሲኖር ለኛ ሰው ብርቅ አይደለም መቼስ። በ1822 ግኝቱን ይፋ አደረገ፤ ገና በ41 ዓመቱ ሞተ።

በስሙ የተሰየመው ሙዚየም አደባባዩ አጠገብ ነው። እኔ ሳላጣራ ሰኞ ሄጄ በሩ ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ። አንቺ ቀኑን አይተሽ ሂጂ።

ከተማዋ በገዳም ዙሪያ ያደገች፣ ኋላም ነጋዴዎች የበለጸጉባት ናት። ስትዞሪ ቀና እያልሽ ቤቶቹን እያቸው። ከጣሪያቸው ሥር በምሰሶ የተያዘ፣ ግድግዳ የሌለው ሰገነት አላቸው። ሶሌዮ ይሉታል። ድሮ ጨርቁንም ቆዳውንም የሚያሰጡት እዚያ ነበር።

ሴሌ ትልቅ ወንዝ አይምሰልሽ፣ ማታም ከተማው ጭር ይላል። ዓርብ ማታ ብትገቢ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ አለ። ሮካማዱር የሚሉትን ትንሽዬ ክብ የፍየል አይብና ትኩስ ዳቦ ገዝተሽ ወንዙ ዳር ውረጂ። አይቡን ሁለት ሦስት አድርጊው፣ አንዱ አይበቃሽም።