ኮኒ፣ ጥንቸል ወይስ ሽኮኮ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ከቆየው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙረ ዳዊትን ሲያነብ «ኮኒ» የሚል የእንስሳ ስም አጋጠመው። መዝገበ ቃላት ብናይ ጥንቸል ነው ይላል። የአማርኛው መጽሐፍ ግን እዚያው ላይ «ሽኮኮ» ይላል። የተሳሳተው የቱ ነው? ጥንቸል መብላትስ በዚህ ቃል የተከለከለ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅዎ ማንበብ ብቻ ሳይሆን እየመረመረ ማንበቡ ደስ ያሰኛል። ያነበበው ቃል በእኛ ዳዊት መዝሙር 103፥18፣ በእንግሊዝኛው ቍጥር ደግሞ 104፥18 ነው። ድንጋዮች ለሽኮኮዎች መሸሸጊያ መሆናቸውን ይናገራል።

የአማርኛው ትክክል ነው። የዕብራይስጡ ቃል «ሻፋን» ይባላል፤ ትርጉሙም ሽኮኮ ነው። «ኮኒ» በድሮ እንግሊዝኛ የጥንቸል ስም ነበር፤ ዛሬ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቦታ ስም በቀር ብዙም አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ያዘጋጁት ሊቃውንት እንስሳውን አላዩትም። ሽኮኮ በእንግሊዝ አገር የለም። ስለዚህ ከሚያውቁት ትንሽ እንስሳ የሚቀርበውን ስም ሰጡት። አዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች «ሃይራክስ» ወይም «ሮክ ባጀር» ብለው አስተካክለውታል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ዘሌዋውያን 11ን ይክፈቱ፤ ቍጥር 5 ሽኮኮን፣ ቍጥር 6 ጥንቸልን ለየብቻ ይጠራል። አንድ እንስሳ ቢሆኑ ሁለት ጊዜ ባልተቈጠሩ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንኳ በ18ኛው መቶ ዘመን አገራችን መጥቶ «አሽኮኮ» ብሎ የመዘገበውን እንስሳ ሲያይ፣ የመጽሐፉ «ሻፋን» ይህ ነው ብሎ ጽፏል።

እኔስ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ መቼ ጠፍቶኝ! ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ይሞቃሉ። ጅራት የላቸውም፤ ጆሯቸው አጭር ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጠባቂው ይጮኻል፤ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ ሁሉም ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ባዶ ድንጋይ ይቀራል። የእግራቸው መዳፍ ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ በቀጥ ያለ ዐለት ላይ እንኳ አይንሸራተቱም። ምሳሌ 30፥26 ብርቱ ያልሆኑ፣ ቤታቸውን ግን በቋጥኝ ውስጥ የሚሠሩ ሲል ስለ እነርሱ ነው። በጥንቸል ብናነበው ግን ምስጢሩ ይላላል፤ የእንግሊዝ ጥንቸል አፈር ቈፍሮ ነው የሚኖረው። አባቶች «ያም ዐለት ክርስቶስ ነበረ» የሚለውን (1ኛ ቆሮ. 10፥4) ይዘው፣ አቅም የሌለው ምእመን የሚሸሸግበትን ዐለት ያሳስቡናል። ለዚህ ዐለቱ ያስፈልገናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ያሉ ልጆቻችን በጓሮ ዛፍ ላይ የሚሯሯጠውን ጭራ ጎፍላውን እንስሳ (በእንግሊዝኛ «ስኩዊረል» የሚባለውን) «ሽኮኮ» ሲሉት እሰማለሁ፤ ብዙ ወላጆችም እንዲሁ ይሉታል። ልጅዎ ዳዊት ሲደግም ያ እንስሳ እንዳይታየው የእውነተኛውን ሽኮኮ ፎቶግራፍ ያሳዩት፤ አለበለዚያ እንግሊዞቹን እየወቀስን እኛም ያንኑ ስሕተት እንደግማለን።

ስለ መብላት፦ «ኮኒ» የሚለውን ቃል መሠረት ማድረግ አያስፈልግም፤ ጥንቸል በዘሌዋውያን 11 ቍጥር 6 ከማይበሉት እንስሳት ጋር በስሙ ተጠርቷል። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድም ሽኮኮም ጥንቸልም አይበሉም። ልጅዎ በትምህርት ቤት የሚበሉ ጓደኞች ካሉት ግን እንዳይንቃቸው ያስተምሩት፤ ጌታችን በማቴዎስ 15፥11 ሰውን የሚያረክሰው ከአፍ የሚወጣው ነው ብሏልና። ሳያውቅ ቀምሶ ከሆነም አያስፈራሩት፤ ለንስሐ አባታችሁ ይንገሯቸው፣ እርሳቸው ይመክሩታል።