ኢንተራፕት ውስጥ እንቅልፍ የለም

ድራይቨር መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ኢንተራፕት ሃንድለር (ሃርድዌር ሲፒዩውን ሲያቋርጥ የሚሮጠው ኮድ) ውስጥ ፔጅ ፎልት (ሜሞሪ ላይ የሌለ ፔጅ፣ ማለትም የሜሞሪ ቁራሽ፣ መንካት) እንዳታመጡ ተብላችኋል። ለምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙ የለም።

ተራ ፕሮግራም ሜሞሪ ላይ የሌለ ፔጅ ቢነካ ጣጣ የለውም። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ያስተኛዋል፣ ፔጁን ከዲስክ ያመጣል፣ ከዚያ ይቀሰቅሰዋል። ሃንድለር ግን የራሱ ፕሮሰስ የለውም፤ የሌላውን ሥራ አቋርጦ ነው የገባው። ስለዚህ መተኛት አይችልም። ዲስኩም ቢሆን መጨረሱን የሚናገረው በኢንተራፕት ነው። እናንተ ኢንተራፕት ዘግታችሁ ዲስክ ስትጠብቁ ዲስኩም እናንተን ይጠብቃል።

ዊንዶውስ ላይ ይህ ቶሎ ያስቀጣል። ከዲስፓች ሌቭል (መተኛት የማይቻልበት የቅድሚያ ደረጃ) ጀምሮ ወደ ዲስክ የወጣ ፔጅ ብትነኩ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። ዳታ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ፔጅ መውጣት የሚችል ፈንክሽን መጥራትም ያው ነው። ሊኑክስ የከርነሉን ሜሞሪ ወደ ዲስክ ስለማያወጣ ሰዉ ይዘናጋል።

ሊኑክስ ላይ ዋናው ወጥመድ የተጠቃሚ ፖይንተር (የተጠቃሚ ፕሮግራም የሜሞሪ አድራሻ) ነው። ፕሮግራሙ አድራሻ ይሰጣችኋል፣ ታስቀምጡታላችሁ፣ ኢንተራፕቱ ሲመጣ በኮፒ ቱ ዩዘር (ወደ ፕሮግራም ሜሞሪ በሚገለብጠው ፈንክሽን) ልትጽፉበት ትሞክራላችሁ። በዚያች ሰዓት ሲፒዩው ላይ ያለው ፕሮሰስ ግን ማንም ሊሆን ይችላል። ፎልት ቢፈጠር ይሻላችኋል፤ ቢያንስ ስህተት ይመለስላችኋል። ካልተፈጠረ የማታውቁት ፕሮግራም ሜሞሪ ላይ ጽፋችሁ ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ ሌላ ሰው የራሱን ኮድ ሲፈትሽ ያድራል።

ስለዚህ ለዳታ ማቆያ የሚሆናችሁን ሜሞሪ (በፈር) ድራይቨሩ ሲነሳ ያዙ። የተጠቃሚ ሜሞሪ የግድ ከሆነ ባለቤቱ ፕሮሰስ ራሱ ሲጠራችሁ ፔጆቹን ፒን አድርጉ (ከሜሞሪ እንዳይወጡ ቆልፉ)። ሃንድለሩ ውስጥ ኬማሎክ (የከርነል ሜሞሪ መጠየቂያ) ካስፈለገ በጂኤፍፒ አቶሚክ (እንዳይተኛ የሚያዝ ምልክት) ይሁን፤ ጂኤፍፒ ከርነል ሊተኛ ይችላል። አቶሚኩ ደግሞ ሜሞሪ ሲያጥር ኑል (ባዶ አድራሻ) ይመልሳል፤ ቼክ አድርጉት እንጂ! ሊተኛ የሚችል ሥራ ሁሉ ወደ ወርክኪው (መተኛት በሚቻልበት ቦታ ቆይቶ ወደሚሠራ የሥራ ወረፋ) ይሂድ።

«እኔ ጋ ይሠራል» አትበሉኝ። ሰፊ ራም ያለው ማሽን ላይ ፔጁ ሁሌም ስለሚገኝ ስህተቱ ለወራት ሊደበቅ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ቬሪፋየርን (የድራይቨር መፈተሻውን) ክፈቱ፤ ፔጆቹን ሆን ብሎ ያስወጣባችኋል። ሊኑክስ ላይ ዲበግ አቶሚክ ስሊፕን (የከርነሉን የስህተት መፈተሻ ምርጫ) አብሩ። መተኛት የሚችል ፈንክሽን ያለቦታው ከተጠራ፣ በዚያች ቅጽበት ባይተኛ እንኳ፣ ከነስታክ ትሬሱ (የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ ከሚያሳየው ዝርዝር ጋር) ሎጉ ላይ ያጋልጠዋል። ድራይቨር አምጥተው እይልን ሲሉኝ ኮዱን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው ያንን ሎግ ነው።