ታብሌት ላይ ያለው ጌም ለአባቴ ይጠቅማቸዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፣ እኛም አራት ኪሎ ቤት ተከራየን። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፣ ቁልፍ ያስቀመጡበት ይጠፋባቸዋል። ውጭ ያለችው እህቴ አእምሮ ያነቃል የሚባል ጌም የተጫነበት ታብሌት ልካላቸዋለች። እውነት ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ይጠቅማል፣ ግን ልክ አለው። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 2,832 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ማስታወስን የተለማመዱት በማስታወስ ተሻሻሉ፣ ስክሪን ላይ ብልጭ ያለውን ቶሎ መለየት የተለማመዱት ደግሞ በዚያው ፈጠኑ፤ የአንዱ ልምምድ ግን ወደ ሌላው አልተሻገረም። ስለዚህ ጌሙ ላይ ነጥብ ስላገኙ ቁልፋቸው አይጠፋባቸውም ማለት አይደለም።

ከጌሙ በፊት ግን እባክዎ ሐኪም ይያቸው። ጆሯቸውን ያስመርምሩ፤ ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ ረስቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑ መልሱን ሳይሰማ ቀርቶ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12 ይታዩ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ካለ በተለይ። ድብርትም በዚህ ዕድሜ መርሳት መስሎ ይመጣል። ሰፈሩን ያጣ ሰው ያዝናል፣ ይህን ቀላል አድርገው አይዩት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባትዎ ፒያሳ እያሉ ዳማ የሚጫወቱት ከማን ጋር ነበር? ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረች ሰሌዳ፣ የአንዱ ቆርኪ ተገልብጦ የሌላው ተደፍቶ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው "እሱን ብላ!" እያለ። እዚያ ውስጥ ማሰብ አለ፣ የተጋጣሚን ሐሳብ መገመት አለ፣ ሳቅና ንትርክ አለ። ታብሌት ይህን ሁሉ አይሰጥም፤ ብቸኝነት ደግሞ ራሱ ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል። የዚያን ሰው ስልክ ፈልገው ይደውሉለት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይገናኙ፣ በእግር ቢሄዱማ የበለጠ ጥሩ ነው። ገበጣ የሚችሉ ከሆነ ጠጠሩን እየቆጠሩ ለልጅ ልጃቸው ያስተምሩ።

ታብሌቱንም አይደብቁባቸው፤ በቀን 20 ደቂቃ ያህል፣ አጠገባቸው ሰው ተቀምጦ ይጫወቱ። ሲቀልላቸው ደረጃውን ከፍ ያድርጉላቸው፣ ካናደዳቸው ይተውት።

የሚያውቁት መንገድ ከጠፋባቸው ወይም ምድጃ ለኩሰው ከረሱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይዘዋቸው ይምጡ።