የዬምትሁንድ ቡችላ ልውሰድ ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ እዚህ ስዊድን፣ ኦስተርሱንድ ከተማ ያለው አዳኝ ጎረቤትሽ ዬምትሁንድ የሚባለውን የስዊድን አዳኝ ውሻ ቡችላ ልስጥሽ እንዳለሽ ጽፈሻል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉሽ፣ ቤታችሁም አፓርታማ ነው። እኔም እዚሁ ዬምትላንድ ክፍለ አገር ነው ያለሁት፣ ከዚህ ዘር ውሻ ጋር እኖራለሁ። መኸር ሲመጣም ከሰፈሩ አዳኞች ጋር ጫካ እገባለሁ።

ልጆቹ ብዙም አያሳስቡሽ። ቤት ውስጥ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚወድ ውሻ ነው። ድምፁ ግን ወፍራም ነው። ሲጮኽ ስትሰሚ እንደ አገር ቤት የበር ውሻ ሊነክስ ነው ብለሽ አትደንግጪ። ደግሞ ትልቅ ነው፤ የወንዱ ቁመት ከ57 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱም 30 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ሽታ ካገኘ ልጅ ይዞ አያስቆመውም።

ዋናው ነገር ጫካው ነው። ይህ ውሻ የሙስ፣ ማለትም የትልቁ የሰሜን አጋዘን፣ አዳኝ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ይለቀቅና ብቻውን ርቆ ይሄዳል። ያን ግዙፍ እንስሳ ሲያገኝ አይነክሰውም፤ ፊቱ ቆሞ እየጮኸ ያቆመዋል። ሙሱ ሲመጣበት ያፈገፍጋል፣ ሲሸሽ ይከተለዋል። አዳኙ ጩኸቱን እየሰማ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ቀስ ብሎ ይጠጋል። እኔ በጣም የምወድለት ይህን ነው። አጠገቡ የሚያዘው ሰው የለም፤ መቼ መጠጋት፣ መቼ መሸሽ እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ነው። ቤት ሲመጣም ያው ነው፤ ስትጠሪው አስቦበት ይመጣል። ሰዎች ግትር ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ተመርጦ የተረባው ለዚሁ ነው።

አፓርታማው ላይ ግን እፈራልሻለሁ። ከማርች 1 እስከ ኦገስት 20 የዱር እንስሳ ባለበት ቦታ ውሻ ልቅ መልቀቅ በሕግ አይቻልም። ስለዚህ በነዚያ ወራት በማሰሪያ ረጅም መንገድ መሄድ ያንቺ ሥራ ነው። ፀጉሩም ሲረግፍ ቤቱን ይሞላዋል።

ስለ ዘሩ ስታነቢ ከኖርዌዩ ግራጫ የሙስ አዳኝ ውሻ፣ ከዘመዱ ጋር እንዳታምታቺው። እስከ 1946 ድረስ እንደ አንድ ዘር ነበር የሚታዩት። የኖርዌዩ አጠር ይላል፤ ዬምትሁንድ ጉንጩና ጉሮሮው ላይ ክሬም ቀለም አለው።

እናንተ ቤት የሚያድን ሰው ከሌለ ቡችላውን ለብቻሽ አትውሰጂ። ይልቅ ጎረቤትሽን እንዲህ በይው፦ እኛ ዘንድ ይደግ፣ በአደን ወቅት አንተ ጫካ ውሰደው። እዚህ አገር እንዲህ የሚስማሙ ሰዎች አሉ። ኢንሹራንሱንና የሐኪሙን ወጪ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያዙት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ጫካ ይውሰድሽና እናቱ ስትሠራ እያት። እሷን ሳታዪ እሺ እንዳትዪው።